የሙሽራው ፀጉር

ጋሽ ገብረዋህድ ያን ቅዳሜ ከረባት አስረው ነው ፀጉር ቤታቸውን የከፈቱት። ቂርቆስ ውስጥ ከረባት አስሮ ፀጉር የሚቆርጥ ሰው ማን አይቶ ያውቃል? ሰውየው ግን ምክንያት ነበራቸው። ዘአማኑኤል በማግስቱ ይሞሸራል፤ የሠርጉን ፀጉር የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው። ለሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ብለው አውርተዋል። ችግሩ፣ ልጁ እመጣለሁ አላለም።

ማለት አለበት እንዴ? ገና ካዛንቺስ ሳሉ፣ ሰፈሩ ሳይፈርስ፣ የመጀመሪያ ፀጉሩን የቆረጡት እሳቸው ናቸው። የሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ማሽኑ ሲጮህ ቤቱን በለቅሶ አናጋው። ጸጥ ያለው ቢጫ ማበጠሪያ ሲያስጨብጡት ነው። ከዚያ ወዲህ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ መጥቶ ይቀመጣል፣ እሳቸው ይቆርጣሉ። አባቱ ሲሞት ያሳደገውን የሐዘን ጺም እንኳ የላጩለት እሳቸው ናቸው። ከጆሮው ኋላ ያለችውን ጠባሳ ከእናቱ ይልቅ እሳቸው ያውቋታል።

ቀትር ላይ ባለቤታቸው ወይዘሮ መርሃዊት ምሳ ይዘው መጡ። ወሬም ይዘው ነበር።

«ሚዜዎቹ ቡልጋሪያ ሰፈር አዲስ የተከፈተው ሳሎን ይዘውት ሲገቡ በዓይኔ አየሁ። በል ከረባትህን ፍታና ብላ።»

«ይመጣል» አሉ ጋሽ ገብረዋህድ።

ኩራት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ምሳውን ግን ከድነው ወደ ጎን አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ ሁለት ደንበኞች መጡ፤ «ዛሬ ወንበሩ ተይዟል» ብለው መለሷቸው። ሰዎቹም ባዶውን ወንበር እያዩ ወጡ።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል በሩ ተበረገደ። ዘአማኑኤል የሳሎኑን ጥቁር ጨርቅ አንገቱ ላይ እንዳሰረ ገባ። ሚዜው ሰመረ እያለከለከ ተከተለው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማለቴ… እነሱ ናቸው የወሰዱኝ።»

ጋሽ ገብረዋህድ ከጠዋት ጀምሮ ያዘጋጁት ቁጣ ነበራቸው። «ታዲያ ምን ሆነህ መጣህ?» አሉት።

የመለሰው ሰመረ ነው። «ቆራጩ ምን ዓይነት ይሁን ብሎ ጠየቀው፣ ጋሼ! ስታይሉን ንገረኝ፣ ካልሆነ ፎቶ አሳየኝ አለው። ይሄ ሙሽራ ተብዬ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ በቃ፣ ተነስቶ ሮጠ።»

«ምን ልበል?» አለ ዘአማኑኤል። «ስሙን አላውቀውማ! እስከዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

ያ ሁሉ ቁጣ የት እንደገባ እንጃ። የጋሽ ገብረዋህድ ደረት ከረባቱን ወደ ፊት ገፋው፤ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። የሳሎኑን ጨርቅ ፈትተው ለሰመረ አስታቀፉትና ሙሽራውን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው የራሳቸውን ነጭ ጨርቅ አለበሱት።

«ፈራህ እንዴ?»

«ኧረ ምን ያስፈራኛል» አለ ሙሽራው። ዓይኑ ግን ከማሽኑ ላይ አልተነሳም።

ጋሽ ገብረዋህድ መሳቢያቸውን ከፍተው ሁለት ጥርሱ የወለቀ ቢጫ ማበጠሪያ አወጡ። ዘአማኑኤል እጁን ከጨርቁ ሥር አውጥቶ ተቀበላቸውና ጥብቅ አድርጎ ያዘው።

ማሽኑን ያስነሱት ያኔ ነው።