ከውቤ አጥር ጀርባ

ሽባባው የጓደኛዬ የነጋ ልጅ ነው። ከጥርባ ወዲህ፣ ከአባቱ ግቢ በታች ጎጆ ቀልሶ እታለማሁን ከአዘና አገባ። በ1952 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የልጅቱ አባት ታሞ ሽባባው ሊጠይቀው ተነሣ። ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶታል፤ ፈረስ አያስኬድም። በእግሩ ለመሄድ ገሳውን ሲደርብ ሚስቱ ሌላ መንገድ ነገረችው።

በውቤ ቤት ጀርባ ውጣ፣ አጥሩን በግራህ ያዝ አለችው። አጥሩ ሲያልቅ ቀርከሃው መሀል ቀጭን መንገድ አለ፤ እሱ ምንጩ ላይ ያወጣሃል። ከምንጩ ወዲያ መሬቱ ድንጋይ ስለሆነ ጭቃ አይይዝህም። ጉም ቢወርድብህም የውሃውን ድምፅ ከሰማህ አትጠፋም።

ሽባባው የተወለደው እዚያው ነው። ይህን መንገድ አያውቀውም። እሷ ከመጣች ደግሞ ሁለት ዓመት አልሞላትም።

«የውቤ ውሻስ?» አላት።

«እኔን አይነካኝም። ያውቀኛል።»

እየሳቀች ነው ያለችው። እሱ ገሳውን አወለቀ። አዘና ሳይሄድ ቀረ።

ውቤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ብቻውን የሚኖር፣ ፈረሱን እንደ ሙሽራ የሚያስጌጥ ሰው ነበር። በጥር ጊዮርጊስ ጉግስ ላይ ሽባባውን ሕዝብ ፊት ከኮርቻው አውርዶታል። እጁን ይዞ ሲያነሣው፣ አይዞህ መሬቱ ለስላሳ ነው ብሎት ሴቶቹ ስቀዋል። ከሳቁት መካከል እታለማሁ ትኑር አትኑር ሽባባው ሲያብሰለስል እንደ ከረመ ያወቅነው በኋላ ነው።

መንገዱን ከነገረችው ቀን ወዲህ ሥራ አልያዘለትም። አረም ላይ ሆኖ ዓይኑ ጎጆው በር ላይ ነው። ከውጭ ስትገባ መጀመሪያ የሚያየው እግሯን ነው። የመንገዱ ጭቃ ቀይ፣ የምንጩ ጥቁር ነውና በየት እንደመጣች ከእግሯ ላይ ሊያነብ ይሞክራል። በየት መጣሽ ይላታል። በመንገድ ትለዋለች። የትኛው መንገድ ሲላት ወደ ጓዳ ትገባለች።

ብዙም ሳይቆይ ራሱ በውቤ ቤት ጀርባ ሊያልፍ ሞከረ። ውሻው ባቱን ዘነጠለው። እያነከሰ ቤቱ ገባና፣ «እኔን አያውቀኝም» አላት። ልብሷን ጠቅልላ ወደ አባቷ እንድትሄድ ነገራት። ሄደች።

ከዚያ ፍቺ ጠየቀ። እኛ ሽማግሌዎቹ የተሰበሰብነው ሁልጊዜ ከምንቀመጥበት፣ ከነጋ ደጃፍ ብሳና ሥር ነው። ሽባባው ነገሩን በደንብ አቀረበ። የሰው ቤት ፊት ለፊቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ጓሮውን የሚያውቀው በጓሮ የሚገባ ነው አለ። እውነቱን ለመናገር ለሁላችንም ልክ መሰለን። ነጋ እንኳ አንገቱን ደፋ።

ውቤ ተጠርቶ መጣ። ከቤቴ ኋላ ሴቶች ያልፋሉ፣ ቆሜ አላያቸውም አለ። ሊሄድ ሲነሣ የሽባባውን ባት አየና፣ «ለውሻዬ ግን አዝኛለሁ፤ እንዲህ ያለ ሥጋ አልለመደም» አለ። ሽባባው ዱላውን ጨብጦ ተነሣ። ያዝነው።

በዚህ መሀል ከነጋ አጥር ውስጥ ድምፅ መጣ። የሽባባው እናት ወርቅነሽ ነበረች። በሽማግሌ ጉዳይ ገብታ አታውቅም።

«መንገዱን ያሳየኋት እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ የባሌ አባት እናንተ ዛሬ የተቀመጣችሁበት ላይ ይቀመጡ ነበር። በፊታቸው እንዴት ልለፍ? የባሌ እናት በዚያ ዞረሽ ሂጂ አሉኝ። እኔም ለምራቴ ነገርኳት።»

ውሻውስ አላት ሽባባው።

«ከገበያ ስንመለስ ሁላችንም ድንች እንጥልለታለን። ሁላችንንም ያውቀናል።» ቀጥላ ደግሞ፣ «አንተም በጀርባዬ ታዝለህ ስንት ጊዜ በዚያ አልፈሃል» አለችው።

እኔ ከዚያ ዛፍ ሥር ስቀመጥ ጸጉሬ ሸብቷል። የነጋ ቤት ምራት በፊታችን እንደማታልፍ አውቃለሁ፤ ደንብ ነው። ገበያ እንደምትሄድም አውቃለሁ። በየት በኩል እንደምትሄድ ግን ጠይቄ አላውቅም። እኛ ወንዶቹ አገሩን በኮርቻ ላይ ሆነን ነው የምናውቀው፤ ከአምባ አምባ እያየን። እነሱ ከታች፣ በውሃው በአጥሩ ያውቁታል። አንድ አገር ላይ ነው የምንኖረው እንላለን።

ሽባባው የሚስቱን አባት ይቅርታ ጠይቆ እንዲያመጣት ፈረድን። እሺ አለ። ፊቱ ግን አልተፈታም።

በመስከረም ዝናቡ ሲያባራ አመጣት። እኔና ነጋ ብሳናው ሥር ነበርን። ከግቢው በላይ መንገዱ መንታ ከሚሆንበት ስፍራ ሲደርሱ አየናቸው፤ እሱ በፈረስ፣ እሷ በእግሯ ከፊቱ። እታለማሁ እንደ ልማዷ ወደ ቀርከሃው ታጠፈች። ሽባባው ፈረሱን ነድቶ ዘጋባት።

«በዚህ ነው» አላት።

«አባትህ ተቀምጠዋል።»

«ይቀመጡ።»

ቆመች። ቢያንስ ውረድና አብረን እንለፍ ስትለው ሰማሁ። አልወረደም። በመጨረሻ ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ ወደ እኛ ቁልቁል መጣች። ነጋ ይህን ሲያይ ተነሣ፤ ግቢው ገብቶ በሩን በላዩ ዘጋ። እኔ ፊቴን ወደ ዛፉ ግንድ አዞርኩ። የእግሯን ድምፅ ብቻ ሰማሁ፤ መንገዱን የማታውቅ ይመስል ነበር፣ ድንጋይ እየመታት ነው የሄደችው።

ካለፈች በኋላ ዞር አልኩ። ሽባባው ፈረሱን በዝግታ እያስኬደ በአጠገቤ አለፈ። ሰላም አላለኝም። ፊት ፊቱን የምትሄደውን ሚስቱንም አላያትም። ከኮርቻው ላይ ተንጠራርቶ ወደ ውቤ አጥር ነበር የሚያየው።