ሦስት ጊዜ የተሳቀበት ጥያቄ

የየኔታ ሱ ጉሮሮ አምና ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ወዲህ ቀድሞ የተቀረጸው ድምፃቸው የሚኖረው እኔ በማጫውተው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። የዕድሜ ልክ የአሻንጉሊት ትያትር! ንጉሡም፣ ሽፍታውም፣ አልቃሿ መበለትም ከእሳቸው አንድ ጉሮሮ የወጡ ናቸው። ሁለት ዲስኮች እንደ መስታወት እየተያዩ ይይዙታል፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላውም ይጻፋል። «ሁለት ቦታ እያለ ሦስተኛ ቅጂ ምን ያደርጋል?» ብለን ነበር። ብልጦች ነን።

ኮምፒውተሩ ሁለት ሲስተም አለው፤ አንዱ ለትያትሩ፣ ሌላው ለየኔታ ልጅ ለኩን-ሎንግ ጌም። የጌሙ ሲስተም ስለ መስታወት የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚያየው አንዱን ዲስክ ብቻ ነው።

ዛሬ የባሕሯ እመቤት፣ የአምላካችን ልደት ነው። መድረክ የጫነው መኪናችን ከቤተ መቅደሷ ፊት ቆሟል፤ ርችቱ ሲያበቃ መጋረጃው ይከፈታል። ስክሪኑ ግን እንዲህ ይላል፦ «ዲስኮቹ አይመሳሰሉም። ግራው በቀኙ ላይ ይገልበጥ ወይስ ቀኙ በግራው ላይ?» ከተሳሳትኩ የተበላሸው ደህናውን ይውጠዋል፤ የኔታም ለሁለተኛ ጊዜ ዲዳ ይሆናሉ።

«ምኑን ነው የነካካኸው?» አልኩት ኩን-ሎንግን።

«እኔ? ትናንት ጌም ልከፍት ስል ‹ዲስኩ ስህተት አለበት፣ ልጠግን?› አለኝ። ጠግን አልኩት።»

«ሌባም ‹ቤትህን ልጠብቅልህ?› ቢልህ ቁልፉን ታቀብለዋለህ!»

«በትህትና እኮ ነው የጠየቀኝ!»

የቤተ መቅደሱ ኮሚቴ ሰብሳቢ እትዬ ጂን-ፌንግ በመኪናው በር አንገታቸውን አስገቡ። «ምን ያንጫጫችኋል? የበዓሉ ባለቤት እመቤቲቱ እዚሁ እያለች! ጠይቋት እንጂ!» እመቤቲቱ የምትጠየቅባቸውን ሁለት የጨረቃ ቅርጽ እንጨቶች ለኩን-ሎንግ ወረወሩለት።

ተንበረከከ። «እመቤቴ፣ ደህናው ግራው ነው?»

አንዱ ተደፍቶ አንዱ ቢንጋለል «አዎ» ነው፤ ሁለቱም ቢደፉ «አይደለም»። ሁለቱም ተንጋለሉ። ይህ የእመቤቲቱ ሳቅ ነው።

«እሺ፣ ቀኙ?» ሳቅ።

«ግራው በቃ?» ሳቅ።

«ሦስቴ ከሳቀች ጥያቄህ ነው የማይረባው» አሉ እትዬ። «እኔም ይሄን ሰውዬ ላግባው ወይ ብዬ ስጠይቃት እንዲሁ ስቃብኝ ነበር።»

«ታዲያ ሳያገቡት ቀሩ?» አላቸው ኩን-ሎንግ።

«አገባሁት። ይኸው ቀኑን ሙሉ እዚህ ነው የምውለው።»

ጣቴ ከማውሱ ላይ ተነሣ። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ያለኝ ማነው? ስክሪኑ። እኔም እንደ ኩን-ሎንግ በትህትና ስለተጠየቅሁ ልመልስለት ነበር! አሁን የሚያስፈልገን መገልበጥ ሳይሆን መስማት ነው። ጥያቄውን ሳልመልስ ዘጋሁት። ሁለቱንም ዲስኮች አንዲት ፊደል እንዳይጻፍባቸው ቆልፌ፣ ለየብቻቸው ለንባብ ብቻ ከፈትኳቸው።

ግራው ብረት እንደሚፋጭ ሲጥጥ አለና ተቋረጠ። የኔታ ጥግ ላይ በርጩማቸውን በሁለት እጅ ጨብጠዋል።

ውጭ የመጨረሻው ርችት ፈነዳ። «መጋረጃ!» ጮኸ አንዱ።

ቀኙ፦ ዝም። አሁንም ዝም።

ከዚያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ያቺ ከቀረጻው መነሻ ላይ ልንቆርጣት ስንል ስንል የኖርናት የየኔታ ጉሮሮ ጠረጋ! ኩን-ሎንግ የሽፍታውን አሻንጉሊት እጁ ላይ አጥልቆ መጋረጃውን በክርኑ ገፋው። እኔ ከቀኙ ወደ ሌላ ዲስክ ሦስተኛውን ቅጂ መገልበጥ ጀመርኩ።

የኔታ እጃቸውን ጠባሳቸው ላይ አሳርፈው፣ ከሽፍታው ጋር ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር።