የአስማማው ፈረሰኛ

ጅብስ ቁርበት አንጥፉልኝ የሚለው በማያውቁት አገር ሄዶ ነው። ባዘዘው ግን ተወልዶ ባደገበት፣ ከይጁቤ ወረድ ብሎ ባለው መንደር፣ ልጅ አዋቂው ማንነቱን በሚያውቅበት፣ በፋሲካ ቀን ወንድሙ ቤት ገብቶ የወንድሙ መደብ ላይ ተቀመጠ። ጣልያን የሰጠውን ካፖርት እንኳ አላወለቀም።

የብርጓል ከጓዳ ሆና አየችውና ደሟ ፈላ። መደቡ የባሏ የአስማማው ነው። አስማማው ጥቅምት ላይ ጠመንጃ አስረክቡ ሲባል፣ "ነገ ሚስትህን አስረክብ ቢሉኝስ?" ብሎ ጫካ የገባ ሰው ነው። ታናሹ ባዘዘው ደግሞ ደብረ ማርቆስ ሄዶ ገባላቸው፤ መንገድ እየመራ ያገሩን ሰው የሚያሳድድ ባንዳ ሆነ። ድሮ "እታለም" ይላት የነበረው ሰው አሁን "አንቺ የብርጓል" ይላታል። ዓይኑ መሬቱ ላይ ነው፤ ወንድሜ ከሞተ ወራሹ እኔ ነኝ ማለት ከጀመረ ሰንብቷል።

የፋሲካውን ዶሮ እኔ ልረድልሽ ብሎም ልኮባት ነበር። ወንድ በሌለበት ቤት ሴት ዶሮዋን አንጠልጥላ መንገድ ዳር መቆሟ ወግ ነው። እሷም ቆመች፤ አንድ አላፊ መንገደኛ ባርኮ አረደላት። ለባዘዘው ቢላዋ ከማቀበል ዶሮው በእርጅና ቢሞት ይሻላታል። ከዚያ ስትገነጥል፣ በሎሚና በጨው ስታጥብ፣ ሽንኩርቱን ስታቁላላ ቅዳሜዋን ዋለች። አሥራ ሁለቱን ብልት ስታወጣ አንዱንም አላበላሸችም፤ ሙሽራ ሆና ስትመጣ በዚህ ቤት የተፈተነችበት ሙያ ነው። ክንፉ የማን፣ ቅልጥሙ የማን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። ፈረሰኛው የአባወራው ነው። አባወራው መንገድ ከሄደ ድስቱ ውስጥ ይቆይለታል፤ የዛሬውንም ልታቆይለት አስባ ነበር።

የንስሐ አባቷ መምሬ ወልደ ሰንበት ማዕዱን ባረኩ። ጎረቤቱ ዙሪያውን ተቀምጧል። የብርጓል ለመምሬ ታፋውን አወጣችላቸው፤ ለባዘዘው ክንፍ ሰጠችው።

"ይኼ ምንድን ነው?" አለ ባዘዘው።

"ክንፍ ነዋ። ከድሮም ድርሻህ ነው።"

"ፈረሰኛውን አውጪ።"

"ባለቤት አለው።"

"ባለቤቱ ሞቷል" አለ ባዘዘው። "በጾሙ መካከል ጮቄ ሥር ሲወድቅ ባይኔ አይቻለሁ። በዓልሽን ላለማበላሸት ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

የብርጓል ምሰሶውን ያዘች። ይዋሻል ለማለት ፈልጋ ነበር። ባዘዘው ግን ሲዋሽ ዓይኑን ይሰብራል፤ አሁን አልሰበረም። እውነቱን እንደሆነ ሆዷ ነገራት። ዋይ ብትል የሚፈርድባት አልነበረም። ዋይ ካለች ግን ይህ ቤት ባለቤት የለውም ብላ በገዛ አፏ መሰከረች ማለት ነው፤ ከለቅሶው በኋላ መሬቱም ልጆቿም በባዘዘው እጅ ናቸው።

መምሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ ቀኑ የትንሣኤ ነው። ስለ ሰላም ብለሽ ስጪው። አንዲት ብልት አይዶለች?"

"ብልት ብቻ ብትሆንማ እሱም ባልፈለጋት ነበር፣ አባ" አለችና ወደ ባዘዘው ዞረች። "ሲወድቅ አየኸው?"

"አየሁት አልኩሽ እኮ።"

"ቀበርኸው?"

ባዘዘው እፊቱ ያለውን ክንፍ ተመለከተ። "ጣልያኖቹ አጠገቤ ቆመው እንዴት አድርጌ እቀብረዋለሁ?"

"አፈር እንኳ አላለበስኸውም?"

ሽማግሌው ጎረቤቷ አለበል እጁን ከማዕዱ ሰበሰበ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ሰበሰቡ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ የብርጓልን ማን እንደናቃትና ምን ሊነቀንቅ እንደመጣ አሁን ሁሉም አይቷል።

ጓዳ ገብታ ፈረሰኛውን ይዛ ወጣች። ባዘዘው እጁን ዘረጋ።

"ወንድሙን ያልቀበረ ወንድሙን አይወርስም" አለችው። "ከመደቡ ውረድ።"

"ነገ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ምን እንደምናገር ታውቂያለሽ?"

"የወደድኸውን ተናገር። መጥተው ቤቴን ያቃጥሉት ይሆናል። እስኪያቃጥሉት ድረስ ግን የዚህ ቤት አባወራ እኔ ነኝ።"

ባዘዘው ወደ መምሬ ዞረ፤ መምሬ ቀና ብለው አላዩትም። ወደ አለበል ዞረ፤ አለበልም እንደዚያው። ካፖርቱን ሰብሰብ አድርጎ ከመደቡ ወረደ።

የብርጓል ተቀመጠችበት። ሴት ቆማ ታስተናግዳለች እንጂ ከወንዶች ፊት መደብ ላይ ወጥታ ፈረሰኛ ስትበላ በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። ሥጋውን በእንጀራ ጠቅልላ ጎረሰች። እንባዋ በጉንጯ ወረደ። ዋይ አላለችም። አኘከችና ዋጠች፤ ደግማ ጎረሰች። ባዘዘው በሩ ላይ ቆሞ እያየ አጥንቱ እስኪቀር በላችው።

ከዚያ ወደ ጎረቤቶቿ ዞረች። "ብሉ እንጂ፤ ፋሲካ ነው" አለች።

ቀድመው እጃቸውን ወደ ማዕዱ የሰደዱት መምሬ ወልደ ሰንበት ነበሩ።