ጭቃ የለበሱ እግሮች

ወፍ ተመልካቾቹ «ዳኛው» ይሉታል። ይህ ጡረታ የወጣ የባዮሎጂ መምህር «አዎ» ካላለ፣ ሐይቁ ዳር የታየ ወፍ እንዳልታየ ይቆጠራል። እሱ ደግሞ «አዎ» ማለት የሚወድ ሰው አይደለም፤ ለእህቱ ባልማ ጭራሽ። ፍራሽ ነጋዴው አማቹ ወፍ ማየት ከጀመረ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ግን አለ የተባለ ቴሌስኮፕ ገዝቶ፣ ያየውን ሁሉ «ብርቅ ነው» እያለ ሰው ያደርቃል። ዳኛውን ይህ ሰው ዶሮና ዳክዬ መለየቱም ያጠራጥረዋል።

ዛሬ ጠዋትም በስልክ አጣድፎ ጠራው።

«ጋሼ፣ ቢጫ እግሯ መጥታለች! እናቴ ትሙት!»

ዳኛው እየሳቀ ሄደ። ጭቃው ላይ ወዲያ ወዲህ እያለች የምትለቅመው ትንሽዬ ወፍ ሁለት ዓይነት አላት፤ ከእግር ቀለም በቀር አንዷ ቁርጥ ሌላዋን ናት። ጥቁር እግሯ በየዓመቱ በመንጋ ትመጣለች። ቢጫ እግሯን ግን እዚህ ሐይቅ ላይ ያየ የለም፤ ዳኛው ራሱ ዕድሜውን ሙሉ ሲመኛት ኖሯል። እና አሁን ለፍራሽ ነጋዴ ልትታይ!

ቴሌስኮፑ ላይ አንዴ ጎንበስ ብሎ ቀና አለ።

«እግሯ ምን ዓይነት ነው?»

«አሁን ጥቁር ይመስላል፤ ግን ቅድም ሳያት...»

«ይመስላል? ጥቁር ነው እንጂ! አንተ ሰውዬ፣ አርፈህ ፍራሽህን ብትሸጥ ምናለ?»

አማቹ ፊቱ ደም መሰለ። የቴሌስኮፑን ቦርሳ ሊያመጣ ወደ መኪናው ሄደ።

ዳኛው ለወጉ ያህል እንደገና አየ። ወፏ ከጭቃው ወጥታ ጥርት ያለው ውሃ ውስጥ ገብታለች። ስትወጣ እግሯ ቢጫ ነበር፤ ቁልጭ ያለ ቢጫ። ጭቃ እግር እንደሚያጠቁር ለጀማሪ ሁሉ እየጮኸ የሚያስተምረው እሱ ነው፤ ዛሬ ግን የፈረደው ወፏን ሳይሆን ሰውየውን አይቶ ነው። ልቡ በደስታ ዘለለ። ወፏ ብድግ ብላ በረረች።

«አየኋት» ቢል፣ ቀድሞ ያያት ፍራሽ ነጋዴው ሊሆን ነው። ዝም ቢል ደግሞ እሱም አላያትም።

አማቹ ቦርሳውን ይዞ ተመለሰ። «ሌላ ነገር አየህ እንዴ ጋሼ?»

ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «ምን ይታያል? ያቺው ተራዋ ናት። ሄደች።»

አማቹ ቴሌስኮፑን ቦርሳው ውስጥ እየከተተ አንገቱን ደፋ። «እንኳን ለሰው ሳላወራ አንተን ጠራሁ። ከውርደት አዳንከኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

«ምንም አይደል» አለ ዳኛው፤ ቀና ብሎ ሊያየው ግን አልቻለም።