የማሳለፍ ልምምድ

፩.

«ወዴት ነው የምትሄጂው?»

«አክስቴ ታማብኝ፣ ልጠይቃት።»

«የት ነው የምትኖረው?»

«ጅቡቲ። ከገበያው ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት።»

፪.

አትደንግጡ፤ ልምምድ ነው። የድንበር ጥበቃ ሠልጣኞች በየተራ አንዱ መኮንን፣ አንዱ መንገደኛ እየሆኑ የሚፈተኑበት ክፍል ውስጥ ነን። መኮንኑ ይበልጣል ይባላል። መንገደኛዋ ትርንጎ ናት፣ የወሎ ልጅ፣ ከኮርሱ አንደኛ።

፫.

መንገደኛ የሚሆን ሠልጣኝ መልሱን ከራሱ ይፈጥራል ይላል መመሪያው።

ትርንጎ አልፈጠረችም።

ይህን መልስ ገና ልጅ ሳለች ያስጠናት ደላላ ነው፤ እሷንና ጓደኛዋን ሰዓዳን። ኬላው ላይ የነበረው መኮንን ሁለቱንም አምኖ አሳለፋቸው። ትርንጎ በረሃው ላይ ታማ ተመለሰች። ሰዓዳ ባሕሩን ተሻገረች፤ ከዚያ ወዲህ ድምጿ የለም። የሰዓዳ እናት ዛሬም ትርንጎን ባዩ ቁጥር ያለቅሳሉ።

፬.

ይበልጣል ማኅተሙን አነሳ።

ጧ።

«ይለፉ!»

ክፍሉ አጨበጨበ። አሠልጣኙ ኢንስፔክተር ገላውም አጨበጨበ።

«ጎበዝ! በትሕትና ጠየቅህ፣ አላጉላላሃትም፣ የእሷም መልስ አልተምታታም። ሁላችሁም እንዲህ ነው መሥራት ያለባችሁ።»

፭.

ማሳሰቢያ ለአንባቢ፦ በሕገወጥ መንገድ ድንበር የተሻገረ ሰው ከዚህ ማሠልጠኛ ይሰናበታል። ትርንጎን ከገባች ጀምሮ እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነው። አሁን ዩኒፎርሟ ተሰፍቶ አልቋል፤ ምረቃው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። አፏን ብትዘጋ ማንም አያውቅባትም። ብትዘጋ ደግሞ እነዚህ ሁሉ ልጆች ነገ ኬላ ላይ ቆመው ስንቷን ሰዓዳ በፈገግታ ያሳልፋሉ።

እኔ ብሆን ዝም እል ነበር፤ ምን እዋሻለሁ።

፮.

«ይቅርታ ኢንስፔክተር፣ ይበልጣል ተሳስቷል።»

«ምኑ ላይ?»

«ሊያሳልፈኝ አይገባውም ነበር። አክስቷ የታመመችባት ልጅ ስለ በር ቀለም አታወራም፤ ምን እንዳመማት ነው የምታወራው። እሱ ግን የአክስቴን ስም እንኳ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ እኮ አልቅሼ ነበር የምመለሰው። ስም አላስጠኑንም!»

፯.

ሠልጣኞቹ ሁሉ ዞረው አዩዋት።

፰.

ኢንስፔክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«እነማን ናቸው ያላስጠኗችሁ?»

ትርንጎ ትወና ነው ብላ መሳቅ ትችላለች፤ ክፍሉም አብሯት ይስቃል። ይበልጣል ከአሁኑ ፈገግ ብሎላታል።

፱.

የትርንጎ መልስ (ባዶ ቦታውን አንባቢ ይሙላ)፦




«……………………………………»