እማማና መቶ ሃያው ፎቶ

እማማ አምስት ልጅ ወልደው አሳድገዋል፤ አምስቱን ባንድ ክፍል ካዩ ግን አራት ዓመት አልፏቸዋል። አባትየው ሲሞቱ የተዉትን የማይሠራ ሬዲዮ ማን ይውሰድ በሚል ልጆቹ ሆድና ጀርባ ሆነው፣ አንዱ ሲመጣ ሌላው ይቀራል። ሽማግሌ መላክ ሲሰለቻቸው እማማ «ከመሞቴ በፊት አብራችሁ የቆማችሁበት ፎቶ እፈልጋለሁ» ብለው አንድ ቅዳሜ ፎቶ ቤት ጠሯቸው። «ከመሞቴ በፊት» ሲባል እምቢ የሚል ልጅ የለምና መጡ።

እማማ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ልጆቹ ከኋላ ሊሰለፉ ሲሉ ጠቡ ተነሣ። ሾፌሩ ልጃቸው የበኩር ልጅ ስለሆንኩ መሀሉ የኔ ነው አለ። ነርሷ እኅቱ እማማን የማስታምም እኔ አይደለሁም ወይ አለች። ሌላዋ እኅታቸው አስተማሪዋ ጥግ አልቆምም አለች። መንትዮቹ እንኳ አጠገብ ላጠገብ አንቆምም አሉ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ፎቶ አንሺው ላይ ሁለቱም ደርሰዋል። «አትጣሉ» አለ መላጣውን እየዳበሰ፣ «መቆም በምትችሉበት አሰላለፍ ሁሉ አነሣችኋለሁ። እማማ ይመርጣሉ። ቢበዛ አሥር ቢሆን ነው።»

«መቶ ሃያ ነው» አለች አስተማሪዋ። «ለመጀመሪያው ቦታ አምስት ሰው አለ፤ አንዱ ሲቆም ለቀጣዩ አራት ይቀራል፣ ከዚያ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ይባዛል።»

«ይደመራል እንጂ። አሥራ አምስት» አለ ሾፌሩ። ካስተማሪዋ ጋር ከተነጋገረ አራት ዓመቱ ነበር።

አስተማሪዋ በተግባር ላሳይህ ብላ ነርሷንና መንትዮቹን እየጎተተች አቀያየረቻቸው። ስድስት ወጣ። ሾፌሩ በጣቱ ቆጠረ፤ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ሲደመርም ስድስት ነው። «አላልኳችሁም?» አለ። ከስንት ቁጥር ሦስትን መምረጧ አስተማሪዋን አበገናት።

«አንተም ግባ» አለችው። አራት ሆነው ቦታ ይቀያየሩ ጀመር። በድምር የሚወጣው አሥር ሲያልፍ ሾፌሩ የሚቆጥርበት ጣት አለቀበት፤ ሃያ አራተኛው ላይ በላብ ተጠምቆ «ይባዛል» አለ።

ፎቶ አንሺው ፊቱ ተለዋወጠ። «እማማ፣ በቀን ካሥር በላይ አልችልም።»

«እንግዲያው አሥራ ሁለት ቅዳሜ ነዋ» አሉ እማማ። «ቃል ማጠፍ ነውር ነው፣ ልጄ።»

ሁለት ቅዳሜ እንዳኮረፉ ቆሙ። በሦስተኛው ነርሷ የሾፌሩን ኮሌታ አስተካከለች። በሰባተኛው መንትዮቹ ሳቅ አምልጧቸው አራት ፎቶ ተበላሸ፤ እማማ ደስ እያላቸው «ይደገም» አሉ።

በአሥራ ሁለተኛው ቅዳሜ ፎቶ አንሺው መቶ ሃያውን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ «ይምረጡ» አላቸው። እማማ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። አንዱን ካነሡ በሚቀጥለው ቅዳሜ ማንም እንደማይመጣ ያውቃሉ፤ እውነቱን ለመናገር ፎቶውንስ ማን ፈልጎት። «ዓይኔ አያይም» አሉ፣ ትናንት በመርፌ ቀዳዳ ክር ያስገቡት ሴትዮ።

ሾፌሩ እናቱን አይቶ ነገሩ ገባው። «እነዚህ ፎቶዎች ልክ አይደሉም» አለ። «እማዬ በሁሉም ላይ አንድ ቦታ ነው የተቀመጠችው። ተነሥታ ከኛ ጋር ትሰለፍ፤ ስድስት እንሁን።» ወደ አስተማሪዋ ዞረ። «ስንት ይመጣል?»

«አንተ አስላው» አለችው።

ሾፌሩ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ መቶ ሃያን በስድስት አባዛ። «ሰባት መቶ ሃያ» አለ።

እማማ ከወንበሩ ተነሡ። ፎቶ አንሺው ተቀመጠበት።