ያልተመታ ጀርባ

ወሎ ሰፈር ካለ ጋራዥ የሚሠራው መካኒኩ ቢተው እንደ ውሸታም ሹፌር የሚጠላው ነገር አልነበረም። መኪናውን ከድንጋይ ጋር አላትሞ «በቆመበት ተበላሸብኝ» የሚል ሲመጣ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?» ብሎ ያፋጥጠዋል። ለሌላው ሲሆን ተረት አያልቅብንም።

በ1970 ዓ.ም. ጋራዡ ውስጥ የተቃውሞ ወረቀት ተበትኖ ተገኘና አብዮት ጠባቂዎች ቢተውንና ረዳቱን ተካልኝን ይዘው ሄዱ። ተካልኝ የቢተው ጎረቤት የእትዬ ሙሉ ልጅ ነው፤ አንድ ለእናቱ። እሱን በማግስቱ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲህ አየሁት የሚል የለም። ቢተውን ግን ረሱት ማለት ይቀላል። ሲሚንቶ ላይ ሲተኛ ከረመ እንጂ ለምርመራ እንኳ የጠራው አልነበረም። የማንንም ስም ሳይሰጥ፣ አንዲት ጥፊ ሳይቀምስ፣ ክረምቱ ሲወጣ «ሂድ» ተባለ።

ችግሩ፣ በዚያ ዘመን ደህና ሆኖ መውጣትም ያሳማ ነበር። ሙሉ አካሉን ይዞ የተመለሰን ሰው ፊት ለፊት «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ይሉታል፤ ዞር ሲል «ማንን ሸጦ ወጣ?» ይባላል። ቢተው ይህንኑ እያብሰለሰለ ሰፈሩ ሲደርስ፣ እስር ቤት ሳለ የጀመረው የወገብ ሕመም ቀስፎ ያዘውና አጥር ተደግፎ ቆመ። እትዬ ሙሉ አይተውት ወደ እሱ ሮጡ።

«ገረፉህ፣ አይደል?» አሉት እያለቀሱ።

ቢተው አንገቱን ደፋ። ሰፈሩ ዝምታውን እንደ አዎንታ ቆጠረለት። ሰውነቱ ላይ ጠባሳ ሲጠፋም «ምልክት የማይተው ዱላ ተምረዋል» ተባለ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ቢተው እፎይ አለ። እትዬ ሙሉም ከዚያ ወዲያ ለጋ ቅቤ እየያዙ እየመጡ ጀርባውን ያሹለት ጀመር፤ እያሹም ያለቅሳሉ።

ሕመሙ ግን አልለቀቀውም። ሚስቱ ፈለቀች ጎትታ ሆስፒታል ወሰደችው። ዶክተር ኃይለኪሮስ የሚባል ወጣት ሐኪም አከርካሪውን ጫን ጫን እያደረገ ዳሰሰና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ታስረው ነበር?» አለው።

«ገርፈውት ነው» አለች ፈለቀች ቀድማ።

«አዎ» አለ ቢተው። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ምን ይበል?

ሐኪሙ በሩን ገልመጥ አደረገና ሌላ ጥያቄ አልጨመረም። መስማት ራሱ በሚያስጠይቅበት ጊዜ ማን አጥብቆ ይጠይቃል? ማስታገሻ ጽፎ ሸኘው።

በዓመቱ ቢተውን አስነጠሰውና የጎድን አጥንቱ ተሰበረ። በማስነጠስ! ፊቱ ገርጥቷል፣ ውኃ ጥሙ አይቆርጥለትም፣ መፍቻ ማንሳት እንኳ ያደክመዋል። ዶክተር ኃይለኪሮስ ይህን ሁሉ ሰምቶ ፈለቀችን ውጭ እንድትጠብቅ ለመናት።

«ጋሼ ቢተው፣ የዱላ ሕመም እያደር ይሽላል እንጂ አዲስ ቦታ አይፈልግም። የት የት ላይ ነበር የመቱዎት?»

«የትም» አለ ቢተው። «ማንም አልነካኝም።»

ሐኪሙ ያን ዕለት ደሙን አስቀዳ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቀይ ሕዋሳቱ እንደ ሳንቲም ተደራርበው ተጣብቀዋል። ከዚያ ከዳሌው አጥንት በወፍራም መርፌ መቅኒ ተቀዳ።

«መቅኒያችን ውስጥ በሽታ የሚከላከሉልን ሕዋሳት አሉ» አለው ሐኪሙ ውጤቱ ሲመጣ። «የእርስዎ ከልክ በላይ ተራብተዋል። አንድ ዓይነት የደም ካንሰር ነው፤ አጥንትዎን የበላው እሱ ነው። አሁን ኩላሊትዎንም ይዞታል።»

«አምና ነግሬህ ቢሆን ኖሮስ?»

«የሚያድን መድኃኒት የለውም። ግን ኩላሊትዎ ሳይጎዳ ብንጀምር ጥቂት ዓመት ይገኝ ነበር።» ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። «ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ዱላ የሚል ቃል ስሰማ እኔም መመርመሬን ተውኩ።»

ቅዳሜ እትዬ ሙሉ እንደ ልማዳቸው ቅቤያቸውን ይዘው መጡ። ቢተው ሸሚዙን አውልቆ ጀርባውን ሰጣቸው፤ ፊታቸውን እያየ ሊነግራቸው አልደፈረም።

«እትዬ ሙሉ፣ እኔን አልገረፉኝም። አንድም ሰው እጁን አላነሳብኝም። በሽታ ነው።»

እጃቸው ቆመ። ቢተው «ታዲያ ልጄን የሸጥከው አንተ ነህ?» የሚለውን ጥያቄ ጠበቀ፤ ያን ሁሉ ጊዜ የፈራው እሱን ነበር። እትዬ ሙሉ ግን ያን አልጠየቁም።

«እኔ እኮ አንተን ባሸሁ ቁጥር የማስበው ልጄን ነበር» አሉ። «ትልቁን ሰው እንዲህ ካደረጉት ያንን ለጋ ምን አድርገውት ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ሳይነኩህ መውጣትህን ብትነግረኝ፣ የኔንም አልነኩት ይሆናል ብዬ አንድ ቀን እንኳ እተኛ ነበር።»

እትዬ ሙሉ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«በል ሸሚዝህን ልበስ» አሉት፤ «ይበርድሃል።»